«መጣሁ» ስለሚለው አሳላፊ፤ የእንግሊዝኛን ቀጣይ ጊዜ አላግባብ ስለ ማስተማራችን

ከቡና ቤት ተቀምጠን አሳላፊውን ስንጠራው «መጣሁ!» ይለናል። ይህን ቃል ሲናገር ገና ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሒሳብ በመቀበል ላይ ነው፤ አንዲት እርምጃ እንኳ ወደ እኛ አልተራመደም። ሆኖም «ዋሸህ» ብሎ የሚቈጣው ሰው የለም። «መጣሁ» ያለው ያለፈ ነገር ሊያወራልን ሳይሆን መምጣቱን ሊያረጋግጥልን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዛዊ አሳላፊ በዚያው ቦታ ቢቆም «አይ አም ካሚንግ» ይላል እንጂ «አይ ኬም» አይልም። «አይ ኬም» ቢል እንግዳው ዘወር ብሎ «ታዲያ የት አለህ?» ሳይለው አይቀርም።

ከዚህች ትንሽ ቃል ተነሥተን ስለ አንድ ትልቅ ጉድለት ለመናገር አስበናል። ጉድለቱም ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ሰዋስው «ፕሬዘንት ኮንቲንዩስ» የሚባለውን፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ የአሁን ቀጣይ ጊዜ የምንለውን የግሥ አካሄድ የሚማሩበት መንገድ ነው። መንገዱ ጠማማ ነው እንላለን። ጠማማነቱንም በማስረጃ እናሳያለን።

በመጀመሪያ እኛ ራሳችን የተማርንበትን እናስታውስ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ረድፍ ያሰምራል። በአንደኛው «አም»፣ በሁለተኛው «ኢዝ»፣ በሦስተኛው «አር» ይጽፋል። ከዚያም በግሡ ጫፍ ላይ «ኢንግ»ን ይቀጥላል። «ናው የሚል ቃል ስታዩ ኢንግ ጨምሩ፤ ኤቭሪ ደይ የሚል ስታዩ ኢንግን ተዉ» ይለናል። እኛም ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ያዝነው። በፈተና ቀን «ናው» የሚለውን ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ፈልገን አገኘንና ትክክለኛውን ፊደል አከበብን። ማርክም አገኘን። ዳሩ ግን ሰው በኑሮው ሲናገር «ናው» የሚለውን ቃል እንደ መንገድ ምልክት ከፊቱ ተክሎ አይናገርም። ምልክቱ በጠፋ ጊዜ እኛም መንገዱ ጠፋን።

ሥራ በያዝንበት በመጀመሪያው ዓመት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ወደ ክፍላችን ገብቶ «ኋት ዱ ዩ ዱ?» ሲል ጠየቀን። በዚያች ደቂቃ ከመደርደሪያ ያወረድናቸውን መዝገቦች በተራ በተራቸው እናስቀምጥ ነበርና፣ «አይ አም አሬንጂንግ ፋይልስ» ብለን መለስንለት። እንግዳው የጠየቀን የሥራ ድርሻችንን ነበር፤ እኛ ግን በእጃችን ስለ ነበረው ነገር ነገርነው። እርሱም መዝገብ ደርዳሪ መስለነው የመጣበትን ጉዳይ ለሌላ ሰው ሊያዋይ ሄደ። አማርኛችን «ምን ትሠራለህ?» በምትል በአንዲት ጥያቄ ሁለቱንም ይጠይቃል። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ጥያቄ አለው። ይህን ከአሥር ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ስንማር ማንም አልነገረንም።

ይህስ ሳቅ ብቻ ነውና ይለፍ። ሁለተኛው ግን ገንዘብ አስከፍሏል። ለአንድ ስብሰባ ከውጭ አገር ለሚመጡ እንግዶች «መሥሪያ ቤቱ የእንግዶቹን የመኝታ ሒሳብ ይከፍላል» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ ታዘዝን። «ይከፍላል» የሚለውን ይዘን «ዘ ኦፊስ ፔይዝ» ብለን ጻፍን። ሐሳባችን «ለዚህ ስብሰባ በመክፈል ላይ ነን፤ ልንከፍልም ተሰናድተናል» ማለት ነበር። የጻፍነው ግን በእንግሊዝኛ ዓይን ሲታይ የማይለወጥ ልማድና የዘወትር ግዴታ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች እንግዶች መጡና የመኝታ ሒሳባቸውን በጠረጴዛችን ላይ አኖሩ። «ደብዳቤያችሁ እንደሚለው» አሉ። ደብዳቤ ሲመላለስ ወራት አለፉ፤ በመጨረሻም ከሒሳቡ እኩሌታው ተከፈለ። «ኢዝ ፔይንግ» ብለን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለዚያ ጊዜ ብቻ መሆኑ በተረዳ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ጥፋቱን ከየት እንዳመጣነው መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ይህ የአሁን ቀጣይ ጊዜ ምንድን ነው? «አሁን የሚደረግ ነገር» የሚለው ትርጓሜ ሐሰት ባይሆንም ጐዶሎ ነው። እንግሊዞች በዚህ አካሄድ የሚናገሩት መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው ስለሚታሰብ፣ ገና ስላላለቀና በመካከሉ ስላለን ነገር ነው። አንድ ሰው «አይ አም ሪዲንግ ኤ ቡክ» ሲል መጽሐፉ በዚያች ደቂቃ ከእጁ ላይኖር ይችላል፤ ከቤቱ አኑሮት በመንገድ እየሄደም ይህንኑ ይላል። ጀምሬዋለሁ፣ አልጨረስሁትም ማለቱ ነው። «ሂ ሊቭዝ ኢን ጅማ» ማለት መኖሪያው ጅማ ነው ማለት ሲሆን፣ «ሂ ኢዝ ሊቪንግ ኢን ጅማ» ማለት ግን ለጊዜው ጅማ ተቀምጧል፣ ነገ ሊለቅ ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በቀር «አይ አም ሊቪንግ ቱሞሮው» ያለ ሰው ነገ ለመሄድ ቈርጧል፤ ቀጠሮ ይዟል፣ ምናልባትም ትኬት ገዝቷል። «ሂ ኢዝ ኦልዌይዝ ካሚንግ ሌት» ያለ ደግሞ የሰውየውን ማርፈድ ብቻ አልነገረንም፤ በማርፈዱ መሰልቸቱንም ጨምሮ ነገረን። የዋጋ መናርና የሕመምተኛ መሻል እንኳ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄዱ ነገሮች ናቸውና በዚሁ አካሄድ ይነገራሉ። በጥቁር ሰሌዳው ሦስት ረድፍ ውስጥ ይህ ሁሉ የት አለ?

ይህ አካሄድ ለእንግሊዞችም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ ዛሬ ባለበት መልክ የተደነገገ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ ፖሎኒየስ መጽሐፍ የያዘውን ልዑል ምን እንደሚያነብ ይጠይቀዋል። በእንግሊዝኛው ጥያቄ ላይ «ኢንግ» የሚባል ነገር የለበትም። ቴያትሩ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ነው። ዛሬ እንዲያ ብሎ የሚጠይቅ እንግሊዛዊ የለም። የቀጣዩ ጊዜ አካሄድ ሥር ሰድዶ ግዴታ የሆነው ከዚያ ወዲህ ባሉት መቶ ዓመታት ነው። «ቤቱ በመሠራት ላይ ነው» ለማለት ዛሬ የሚጠቀሙበትን «ኢዝ ቢዪንግ ቢልት» የሚለውን አነጋገር በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የራሳቸው የሰዋስው ሊቃውንት እንኳ አስቀያሚ ነው ብለው ተቃውመውት ነበር። እንግሊዞች በብዙ ዘመን ክርክር ያደላደሉትን ነገር የእኛ ልጅ በሦስት ረድፍ ሠንጠረዥ በአንድ ሳምንት ጨርሶ እንዲያውቀው መጠበቃችን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወደ አማርኛችን እንመለስ፤ የችግሩ ቍልፍ ያለው ከዚህ ነውና። ልጁ ወደ ክፍል ሲገባ ባዶ ዕቃ ሆኖ አይገባም። የተሟላ ሰዋስው በአፉ ይዞ ይገባል። ይህ ሰዋስው ከእንግሊዝኛው ጋር አንዳንድ ጊዜ ይገጥማል፣ አንዳንድ ጊዜ ይለያያል። «እየጻፍሁ ነው» የሚለው «አይ አም ራይቲንግ» ከሚለው ጋር ይገጥማል፤ መምህሩም ይህችን አንዲት መገጣጠም አይቶ ደስ ይለውና «እየ ማለት ኢንግ ማለት ነው» ብሎ ያልፋል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የሚለያዩባቸውን አራት ቦታዎች እንቍጠር።

አንደኛ። አማርኛ «ይጽፋል» ሲል የዘወትሩንም፣ የወደ ፊቱንም፣ አንዳንድ ጊዜም አሁን የሚሠራውን ይናገራል። በመንገድ የሚሄደውን ሰው «ወዴት ትሄዳለህ?» እንለዋለን፤ በእግሩ እየተራመደ ሳለ ማለት ነው። ይህን ቃል በቃል የተረጐመ ልጅ «ኋር ዱ ዩ ጎ?» ብሎ እንግዳውን ግራ ያጋባዋል።

ሁለተኛ። ሰው ተቀምጦ ስናየው «ተቀምጧል»፣ ቆሞ ስናየው «ቆሟል»፣ ካፖርት ደርቦ ስናየው «ለብሷል»፣ እንቅልፍ ወስዶት ስናየው «ተኝቷል» እንላለን። አማርኛ የሚያየው ሥራው ተፈጽሞ የቀረውን ሁኔታ ነው። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሁሉ ገና እንደሚቀጥል ነገር ቈጥሮ በ«ኢንግ» ይናገረዋል፤ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ኮት»፣ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ይላል። ልጁ ግን «ለብሷል» የሚለውን ይዞ «ሂ ሃዝ ዎርን» ይላል። «እየለበሰ ነው» ብንልማ አንድ እጁን በእጅጌው አስገብቶ ሌላውን በመፈለግ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ልዩነት ማንኛውም የአማርኛ ተናጋሪ ሕፃን ያውቀዋል። የማያውቀው ማወቁን ነው።

ሦስተኛ። «ፈለገ» የሚለው ግሣችን ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ መሻትንና የጠፋን ነገር ማሠሥን። «ቍልፌን እየፈለግሁ ነው» ያለ ልጅ በመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍች ይዞ «አይ አም ዎንቲንግ ማይ ኪ» ይላል። በእንግሊዝኛ ማወቅ፣ መሻት፣ ማመን፣ የራስ ማድረግ ሁኔታ ናቸው እንጂ ሥራ አይደሉም፤ ስለዚህ በተለመደው አነጋገር «ኢንግ»ን አይቀበሉም። እኛም ብንሆን ይህ ስሜት አለን። «ስሙን እያወቅሁት ነው» የሚል አማርኛ ጆሮአችንን ይቈረቍረዋል። ደግሞም «ይመስለኛል» እና «እያሰብሁበት ነው» በእኛ ዘንድ ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያው «አይ ቲንክ»፣ ሁለተኛው «አይ አም ቲንኪንግ» ነው። ይህ ዕውቀት በልጁ አፍ ውስጥ ተሰናድቶ ሳለ መምህሩ አይጠቀምበትም።

አራተኛ። የአሳላፊው «መጣሁ» ነው። ከወዳጆቻችን መካከል ተነሥተን ኮታችንን ስናነሣም «በሉ ሄድሁ» እንላለን። የሚሆነው ነገር እርግጠኛ በመሆኑ እንደ ሆነ አድርገን መናገራችን ነው። እንግሊዝኛ ይህን እርግጠኛነት በ«ኢንግ» ይገልጠዋል።

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ። የመጀመሪያዎቹ «እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ፤ አማርኛ ከክፍሉ ይውጣ» የሚሉት ናቸው። በግቢያቸው ውስጥ የአገሩን ቋንቋ የተናገረ ልጅ የሚቀጣባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። እነዚህን እንጠይቃቸዋለን፤ ልጁ በአፉ ዝም ቢል በልቡም ዝም ያለ ይመስላችኋልን? ለንደን የተወለደ ሕፃን ቋንቋውን ከማለዳ እስከ ማታ ከእናቱ፣ ከጎረቤቱና ከገበያ ይሰማል። የእኛ ተማሪ የሚሰማው በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ እርሱንም ከሌሎች ብዙ ልጆች ጋር ተካፍሎ። ለለንደኑ ልጅ የሚበቃው መንገድ ለዚህኛው አይበቃውም። አማርኛን ከክፍሉ ማስወጣት አማርኛን ከልጁ ልብ አያስወጣም። በስውር ሆኖ እንዲያሳስተው ብቻ ያደርጋል።

ደግሞስ ይህች አገር ባዕድ የሆነን ሰዋስው ማስተማር ትናንት የጀመረች ናትን? የቅኔ ቤቱ መምህር ግእዝን ሲያስተምር ግሡንና እርባ ቅምሩን፣ አገባቡንም በአማርኛ እየፈታ ያስረዳ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ያደርጋል። ቀዳማይ፣ ካልዓይ፣ ሣልሳይ ብሎ አንቀጾቹን ይለያል። «ይቄድስ» የሚለው ካልዓይ አንቀጽ በአማርኛ አንድ ጊዜ «ይቀድሳል»፣ አንድ ጊዜም «እየቀደሰ ነው» ተብሎ ሊፈታ እንደሚገባው፣ እንደ አገባቡም እንደሚወሰን ያሳያል። ተማሪውም አንዱን ቋንቋ በሌላው መስተዋት እያየ ሁለቱንም ያውቃል። ግእዝን በግእዝ ብቻ ካላስተማርሁ ብሎ ተማሪውን የቀጣ መምህር ሰምተን አናውቅም። ለአማርኛም ቢሆን መሣሪያ አላጣንም፤ የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስና የዶክተር ባየ ይማም የሰዋስው መጻሕፍት በእጃችን አሉ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ግን ሲሠለጥን ከእነዚህ አንዱን እንኳ እንዲገልጥ አይጠየቅም።

ሁለተኛዎቹ ተቃዋሚዎች «ነገሩ ጥቃቅን ነው፤ ኢንግ ቢበዛ ቢያንስ ሰው ይግባባል» ይላሉ። እንዲያውም «እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው መውደድ የሚለውን ግሥ በኢንግ ይናገሩታል» ብለው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ሁሉ የታወቀውን የአንድ ምግብ ቤት ማስታወቂያ ይጠቅሱልናል። ልክ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ሕጉን አውቆ፣ «በዚህች ደቂቃ እየጣመኝ ነው» ለማሰኘት ብሎ ሕጉን ተላለፈ። አውቆ የተላለፈና ሳያውቅ የወደቀ አንድ አይደሉም። በህንድ አገር ብዙ ሰዎች እነዚህን ግሦች በ«ኢንግ» መናገራቸውም እውነት ነው፤ እነርሱ ግን እንግሊዝኛን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው አድርገውታል። እኛ የምንጽፈው ለባዕድ ነው፤ የሚያነበንም በራሱ ሕግ ነው። የመግባባቱን ዋጋም በመኝታው ሒሳብ አይተነዋል።

ነገሩ ጥቃቅን አለመሆኑን ሌላም ያስረዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። ስለዚህ ልጁ የፊዚክሱን፣ የባዮሎጂውንና የታሪኩን ትምህርት የሚያገኘው በዚሁ ቋንቋ በር ገብቶ ነው። ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል ማለትና ውሃው በመፍላት ላይ ነው ማለት በሳይንስ ሁለት ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ሕግ ነው፣ ሁለተኛው ወሬ ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ የሚስተው ሰዋስውን ብቻ አይደለም።

የምንለው ግን ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ብቻ አይደለም። ትግርኛ ተናጋሪው «ይጽሕፍ ኣሎ» ይላል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዱፋ ጂራ» ይላል። ሁለቱም «አለ» የሚል ግሥ በመጨመር ቀጣዩን ጊዜ ይለያሉ። ሁሉም በራሱ ቋንቋ መስተዋት ይይ ነው የምንለው። ለሁሉ አንድ ሠንጠረዥ መስጠት ለሁሉ አንድ ቍጥር ጫማ እንደ መስፋት ነው።

ሦስት ነገር እንዲደረግ እንጠይቃለን። መጀመሪያ፣ የቀጣይ ጊዜ ትምህርት በ«አም፣ ኢዝ፣ አር» መጀመሩ ቀርቶ በልጁ አፍ ቋንቋ ይጀመር። መምህሩ አንድ ልጅ ያስቁም፣ አንድ ያስቀምጥ፣ አንዱን ኮት ያልብስ፤ «ምን ሆኗል? ምን እያደረገ ነው?» ብሎ በአማርኛ ይጠይቅ፤ መልሱን በአንድ ወገን፣ እንግሊዝኛውን በሌላ ወገን ይጻፍ፤ የሚገጥመውንና የማይገጥመውን ልጆቹ ራሳቸው ይለዩ። ሁለተኛ፣ ፈተናው «ናው» የሚለውን ቃል አሳይቶ ፊደል ማስከበቡን ይተው። ይልቁንም ሁለቱም ትክክል የሆኑ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አቅርቦ «የትርጕማቸው ልዩነት ምንድን ነው?» ይበል። ሦስተኛ፣ የእንግሊዝኛ መምህር የሚሆን ሰው የሚያስተምራቸውን ልጆች ቋንቋ ሰዋስው ሳይማር አይመረቅ። ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃም ሆነ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ አያሻውም፤ ጠመኔና ማስተዋል ይበቃዋል።

በመጨረሻ ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎችም አንድ ቃል አለን። ባለጉዳይ በመስኮታችን ሲቆም «ጉዳይዎ እየታየ ነው» እንለዋለን፤ በሪፖርታችንም «ሥራው በመሠራት ላይ ይገኛል» ብለን እንጽፋለን። ቀጣዩን ጊዜ ከማንም ይልቅ የምንወደው እኛ ነን። የእንግሊዝኛው ሰዋስው ስለዚህ አካሄድ የሚያስተምረን ግን፣ ነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው፣ በመካከሉም የሚሠራው ሰው እንዳለ ነው። መዝገቡን ማንም ሳይገልጠው ከመሳቢያ ካደረ፣ «እየታየ ነው» ማለት በእንግሊዝኛም በአማርኛም ስሕተት ነው። ለዚያ ለዚያማ የራሳችን አማርኛ ትክክለኛውን አንቀጽ ሰጥቶናል፤ «ተቀምጧል» ይባላል።